ድሬ ላይ በአንድ ንክኪ የሚነሳ ባጃጅ ሐረር ላይ ጠዋት ለምን እምቢ ይላል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ባለ አራት ስትሮክ ባጃጅ ድሬዳዋ ላይ ሁለተኛ እጅ ገዝቼ ከሳቢያን ከዚራ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። አንድም ቀን ጠዋት አስቸግሮኝ አያውቅም። ጥቅምት ላይ ኑሮዬን ወደ ሐረር አዛወርኩ። ሸዋ በር አካባቢ ውጭ ነው የሚያድረው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሪኖው እያቃሰተ ይዞራል፣ ጋዝ ደጋግሜ ስሰጠው አንዳንዴ ትፍ ትፍ ይላል፣ ከዚያ ባትሪው ያልቃል። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ተገፍቶ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአንድ ንክኪ ነው። ቤተሰብ ልጠይቅ ድሬ ወርጄ ያደርኩ ዕለት ጠዋት ወዲያው ተነሳ። አንዱ መካኒክ የሐረር አየር ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ይቀየር አለኝ። ሌላው ቤንዚኑ እየረጋ ነው፣ ነጭ ጋዝ ቀላቅልበት አለ። ጎረቤቴ ደግሞ ማንደጃ ከሥሩ አድርግለት ይለኛል። ካርቡራተሩን ልግዛ?»

አትግዛ። ነጭ ጋዙንም ማንደጃውንም ከዛሬ ጀምሮ ተው።

ከጻፍከው ሁሉ ትልቁን ነገር የሚነግረኝ «ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአንድ ንክኪ ነው» ያልከው ነው። የሐረር ከፍታ ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው። ባጃጅህን የያዘው ከፍታው ቢሆን ኖሮ ቀትር ላይም ይለግም ነበር፣ ሽቅብ ሲወጣም ኃይል አንሶት ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። አንተ ግን ከጠዋቱ ሌላ አንድም ቅሬታ አልነገርከኝም።

ስለ ስስ አየር የተነገረህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ላብራራው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ገደማ። መሐል ላይ ደንገጎን ስትወጣ 2,000 ሜትርን ታልፋለህ። በ1895 ዓ.ም. የደረሰው የምድር ባቡር ሐዲድ ሐረርን ትቶ ድሬ ላይ ያረፈው ይህን ዳገት መውጣት ስለከበደው ነው። ከድሬ ሐረር ስትደርስ የአየሩ ግፊት 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል አየር ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ከ30 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ክብደቱ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሐረር ላይ ጎህ ሲቀድ ሞተርህ የሚስበው አየር ድሬ ላይ ቀትር ላይ ከሚስበው ብዙም አይለይም። ከዚህም በላይ አየር ሲሳሳ ካርቡራተር የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ይበዛል እንጂ አያንስም። ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ደግሞ በዛ ያለ ቤንዚን ነው። ከፍታው ጠዋት ላይ ጉዳት ካለው እንኳ መካኒኩ በነገረህ አቅጣጫ አይደለም። ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡራተር ቀዳዳ፣ በሽቦ አስፍቶ «ለሐረር አስተካከልኩት» የሚልህ ካለ ባጃጁን ከእጁ ተቀበል። የሰፋ ጂግለር ተመልሶ አይጠብም፤ የሚተርፍህ ጥቁር ካንዴላና ቶሎ የሚያልቅ ታንከር ነው።

ቤንዚን ሐረር ላይ አይረጋም። በካናዳና በፊንላንድ በረዶ ላይ የሚነዱት ስኖውሞቢል የሚባሉት ሞተሮች ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ በቤንዚን ይነሳሉ። በሐረማያ ሜዳ ውርጭ ጥሎ የአወዳይ ጫት በተቃጠለበት ሌሊት እንኳ ቤንዚን ፈሳሽ ነው። ምናልባት ነገሩ ከናፍጣ ጋር ተምታቶ ይሆናል። ናፍጣ በብርቱ ቅዝቃዜ ሰም ይሠራል፣ ማጣሪያም ይደፍናል። እሱም ቢሆን በእኛ አገር ብርድ የሚያጋጥም አይደለም።

ነጭ ጋዝ መቀላቀል ችግሩን በቀጥታ ያባብሰዋል። ሞተር የሚያቃጥለው ፈሳሹን ቤንዚን ሳይሆን ወደ ተን የተለወጠውን ነው። የጠዋቱ ጣጣ በብርድ ጊዜ ቤንዚን በበቂ መጠን ስለማይተን ነው፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ከቤንዚን በጣም ያነሰ ይተናል። ቀላቅለህበት ከሆነ ታንከሩን አራግፍ፣ የካርቡራተሩን ሳህንም ባዶ አድርገህ ንጹህ ቤንዚን ሙላበት። ነዳጅ ሲጠፋ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝተህ ከሆነም ይኸው ነው። ከውስጡ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ አለመኖሩን ማንም አያረጋግጥልህም፤ ሞቃት ሞተር ዝም ብሎ ያቃጠለውን ቆሻሻ ቀዝቃዛ ሞተር አይቀበለውም።

ስለ ማንደጃው ጠንከር ብዬ ልናገር። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት ተሳቦ እሳቱ ጋ ይደርሳል። የባጃጅ ሞተር፣ ካርቡራተርና የነዳጅ ጎማ ያሉት ከኋላ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ተሰብስበው ነው። ደጋግመህ ሞክረህ ቤንዚን ያንጠባጠበ ካርቡራተር ሥር ፍም ማስቀመጥ ባጃጁንም ቤትህንም ማቃጠል ነው። ፈላ ውሃ መድፋትም አይረዳም። የሞተሩን ራስ ድንገት ያስደነግጠዋል፣ ኤሌክትሪኩንም ያረጥበዋል። ባጃጁን ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ ማሞቅ ደግሞ ሰው ይገድላል፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጉዳይ እንምጣ። ብርድ በሞተር ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይትን ያወፍራል፣ ቤንዚን እንዳይተን ያደርጋል። ሐረር በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጎህ ሲቀድ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ጤነኛ ባጃጅ ሦስቱንም ችሎ በ10 ዲግሪ መነሳት አለበት፤ በዚያው ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ባጃጆች በየጠዋቱ የሚነሱት ለዚህ ነው። ያንተ የማይነሳው ድሬ ላይ ሳለ ቀስ በቀስ የደከመ አንድ ወይም ሁለት ነገር ስላለ ነው። የድሬ ሙቀት ቤንዚኑን በራሱ ያተንልህ ነበር፣ ዘይቱንም ያቀጥንልህ ነበር። ድካሙ ስለተሸፈነ አላየኸውም። ድሬ ወርደህ ስታድር ወዲያው መነሳቱም ባጃጁ ለመዳኑ ማስረጃ አይደለም፤ ሙቀቱ እንደገና ሸፈነለት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ባትሪው ነው። «እያቃሰተ ይዞራል» ብለሃልና። ካርቡራተር ሞተር አያዞርም፤ የሚያዞረው ሞተሪኖ ነው፣ ሞተሪኖ የሚበላው ከባትሪ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ባትሪ ይገድላል ይላል፤ ባትሪ የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። የድሬ ግንቦትና ሰኔ ባትሪህን ከውስጥ ሲበሉት ከርመዋል፣ የሐረር ኅዳር ጉዳቱን አወጣው። 10 ዲግሪ ላይ ጤነኛ ባትሪ የሚያጣው ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ግማሹን አስቀድሞ ያጣ ባትሪ ግን በዚያች አንድ አሥረኛ ይወድቃል።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚስበው አየር ደካማ ይሆናል፤ አየሩ ሲደክም ቾኩ፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛው የካርቡራተር ክፍል፣ የሚሰጠው ተጨማሪ ቤንዚን አይመጣም። ሞተሪኖው የባትሪውን ቮልት ሲጎትተው የካንዴላው እሳትም ሊሳሳ ይችላል። ደካማ ባትሪ በዚህ መንገድ ካርቡራተሩን ጥፋተኛ ያስመስለዋል። ብዙ ካርቡራተር ያለ ጥፋቱ የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአዲስ ካርቡራተርም ችግሩ ይቀጥላል፣ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ምርመራው ቀላል ነው። ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠዋት፣ ባጃጁ ሳይነካ፣ ባትሪውን ይለካልህ። ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ያሳያል። 12.4 ሦስት አራተኛ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ባዶ ለመሆን የቀረበ። ከዚያ ቴስተሩ እንደተሰካ ሞተሪኖውን ንካ። ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ከልክ በላይ እየበላ ነው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አድሮ እንደገና ከወደቀ ባትሪው አብቅቷል፤ አሲድ በመጨመር አይድንም። ከባትሪ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በተለይ የድሬ አትጨምር፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ ባትሪ ውስጥም ያንኑ ይሠራል።

ባትሪው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ማሳውን፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ፣ አስለካ። ቴስተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭና ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አድርጋችሁ ሞተሪኖውን ስትነኩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳ ሽቦው ዝጓል ወይም ላልቷል። መፍቻና ሸካራ ወረቀት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ዝገት ሙሉ ባትሪን ሙት ሲያስመስል ደጋግሜ ስላየሁ ማንም ባትሪ እንዲገዛ ከመምከሬ በፊት ይህን አስፈትሻለሁ።

ቻርጁም ይታይ። ሞተሩ ተነስቶ መካከለኛ ጋዝ ሲሰጠው ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። ካነሰ ባትሪው በቂ ምግብ አያገኝም፣ ከ15 ካለፈ ውሃውን እያፈላው ነው። የሐረር ሥራ ለባትሪ ከባድ መሆኑንም እወቅ። ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣ ከፈረስ መጋላ አራተኛ እያልክ በአጭር በአጭሩ ትሠራለህ፣ በየፌርማታው ታጠፋለህ፣ እንደገና ታስነሳለህ። እያንዳንዱ ማስነሳት የወሰደውን ለመመለስ ሞተሩ ጥቂት መሮጥ ይፈልጋል። ትልልቅ ስፒከርና ተጨማሪ መብራት አስገጥመህ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ቴፑ ሲያንጎራጉር የሚበላው ነገ ጠዋት የምትፈልገውን ነው። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር የማጥፋት ልማድ ካለህም ተወው። ባትሪው አይሞላም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሞተር መያዝ የምትችለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ የተሳፋሪን ሕይወት በፍሬን ሸራ ላይ መጣል ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቾኩ ነው፣ ከእሱ ጋር የአነሳስ ልማድህ። በጥያቄህ ውስጥ ቾክ የሚል ቃል አላየሁም። ድሬ ላይ ቾክ የሚነካ ሾፌር ጥቂት ነው፤ አያስፈልገውምና። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ የቾክ ካቦ ይዝጋል፣ ይነክሳል፣ አንዳንዴም ካርቡራተር ሲፈታ ሳይመለስ ተበጥሶ ይቀራል። እጀታውን ስትስብ ካርቡራተሩ ላይ ያለው ዘንግ በእርግጥ መንቀሳቀሱን በዓይንህ እይ። እጀታው ተንቀሳቀሰ ማለት ቾኩ ሠራ ማለት አይደለም። በዘይት የሚድን ከሆነ ይዳን፣ ካልሆነ አዲስ ካቦ ይግባለት፤ ዋጋው ከካርቡራተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጋዝ ደጋግመህ መስጠትህ ደግሞ ራሱ እንቅፋት ነው። የባጃጅህ ካርቡራተር ጋዝ ስትጠመዝዝ ቤንዚን የሚረጭ ፓምፕ የለውም። ቾኩ የሚሠራው ጋዙ ዝግ ሆኖ ሞተሩ ጠንክሮ ሲስብ ነው። ጋዝ ስትከፍት ያ መሳብ ይላላል፣ አየር ይገባል፣ ቾኩ የሚሰጠው ቤንዚን ይቀንሳል። «ትፍ ትፍ» ብሎ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሊነሳ ሲል አንተው አየር ታጠጣዋለህ።

ስለዚህ ጠዋት እንዲህ አድርግ። መብራትና ቴፕ ይጥፉ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ይሁን፣ ፍሪሲዮኑንም ያዝ፤ ሞተሪኖው በብርድ የወፈረ ዘይት ውስጥ ያለውን ካምቢዮ አብሮ እንዳያዞር። ቾኩን እስከ መጨረሻው ሳብ። እጅህን ከጋዝ አንሳ። ሞተሪኖውን ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ንካ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቁም፤ ባትሪው ትንፋሹን ይመልሳል፣ ሞተሪኖውም አይቃጠልም። ሦስት አራት ጊዜ ሞክረህ ካልተነሳ መንካት አቁም፤ ከዚያ በኋላ ባትሪ መጨረስ ብቻ ነው። ከተነሳ ቾኩን ወዲያው አትመልስ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተህ ግማሽ፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ሲረጋ ሙሉ በሙሉ መልሰው። ረስተኸው ስትነዳ ከዋልክ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ትርፉ ቤንዚንም ዘይቱን ከሲሊንደሩ ያጥበዋል።

ሦስት አራት ጊዜ ሞክረህ ካልተነሳ ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚነግርህ እሱ ነው። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ቾኩ አልሠራም፣ ወይም የሚኒሞው ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይም ቤንዚን ለመቆጠብ የድብልቁ ቪቴ (ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር የሚመጥነው ብሎን) ከልክ በላይ ተጠብቋል። ይህ የመጨረሻው ድሬ ላይ የተለመደ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ይነሳል፣ በብርድ ግን አይነሳም። መፍትሔው ካርቡራተሩን አስፈትቶ ጂግለሮቹን በአየር ማስነፋት፣ ከዚያም ሐረር ላይ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ድብልቁንና ሚኒሞውን ማስተካከል ነው። ካንዴላው በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ቤንዚን አለ፣ እሳት የለም ወይም ሞተሩ በቤንዚን ሰምጧል። አድርቀው፣ ቾኩን መልስ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ለጥቂት ሰከንድ አዙረው። ጋዝ የሚከፈትበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው። ጥቁር ጥላሸት የለበሰ፣ ጫፉ የተበላ ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ይቀየር፤ ክፍተቱ እንደ ሞዴሉ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይሆናል። እሳቱን ስትፈትሽ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀህ አስነካው እንጂ በእጅህ ይዘህ ወይም ሽቦውን አየር ላይ ትተህ አትሞክር። አንተንም ይመታሃል፣ ሲዲአዩንም፣ የካንዴላውን እሳት የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ሊያቃጥለው ይችላል። የፈሰሰ ቤንዚን ካለም አስቀድመህ ጥረግና ተኑ እስኪጠፋ ጠብቅ።

ውጭ ስለሚያድር ጤዛም ይገጥምሃል። የተሰነጠቀ የካንዴላ ቆብ ጠዋት ላይ እሳቱን በእርጥበት ያስመልጣል፣ ፀሐይ ስታደርቀው ጤነኛ ይመስላል። ይህም ከነገርከኝ ምልክት ጋር ስለሚገጥም ቆቡን አትዝለለው። ሸራ ማልበስ ለዚህ ይጠቅማል። ሞተሩን ግን እስከ ጠዋት አያሞቀውም፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ብረት ሸራ ለበሰም አልለበሰም እንደ አየሩ ይቀዘቅዛል።

ዘይቱን በአጭሩ ልለፈው። ድሬ ላይ «ለሙቀት ይሻላል» ተብሎ ወፍራም ነጠላ ቁጥር ያለው ዘይት፣ ለምሳሌ ባለ 50 ብቻ፣ ተሞልቶልህ ከሆነ ጠዋት ላይ እንደ ረጋ ማር ነው። ባለ 20 ደብሊው 50 አስገባ። የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ቅጥነት፣ የኋለኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ውፍረት ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ድሬ ስትወርድም አያሳፍርህም። ለሞተር ሳይክል የተሠራውን ምረጥ። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ቫልቩ ግን አጭር አይደለም። ሁለት ዓመት ሠርተህበታል፣ ከአንተ በፊትም ሌላ ሰው ሠርቶበታል፤ የቫልቭ ክፍተት ተለክቶ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ። ቫልቩ መቀመጫው ላይ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። በጣም ሲጠብ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግፊት ያመልጣል። ሞቆ በፍጥነት የሚዞር ሞተር ይህን ይሸከማል፣ ጠዋት በዝግታ የሚዞር ቀዝቃዛ ሞተር አይሸከምም። ሾፌሩ ድምፅ ስለማይሰማ ችግር አይጠረጥርም፤ የሚንቋቋው የላላ ቫልቭ ነውና፣ የጠበቀው ዝም ይላል። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ አድሮ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፒስቶኑ በግፊት ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ሲሆን ነው። መጠኑ በሞዴልህ መመሪያ ላይ አለ። በጆሮ የሚያስተካክል መካኒክ ጋ አትሂድ፤ በመለኪያ የሚሠራ ፈልግ።

ሥራህ እንዳይቋረጥ በመሐል ለሚያጋጥምህ ጠዋት ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ከሌላ መኪና ባትሪ ስትበደር መኪናው ባለ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ፣ የመኪናውም ሞተር ይጥፋ። ከአይሱዙ የጭነት መኪና ወይም ከሲኖትራክ አትበደር። 24 ቮልት ናቸው፤ ሲዲአዩንና ቻርጁን የሚመጥነውን ሬጉሌተር በአንዴ ያቃጥሉብሃል። ገፍቶ ወይም በቁልቁለት ማስነሳት ካስፈለገህ ያለ ተሳፋሪ፣ ሰው በሌለበት ቦታና ፍሬኑን አስቀድመህ ሞክረህ ይሁን። የጁገል ቁልቁል መተላለፊያዎች ለዚህ አይሆኑም፣ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱባቸው ናቸው።

ከሩቅ ሆኜ የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ግን ገንዘብህን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምታወጣ ልነግርህ እችላለሁ። ነገ ጠዋት ሳትነካው ባትሪውንና ማሳውን አስለካ። በዚያው ዕለት ቾኩ መሥራቱን እይ፣ የካንዴላውን ቆብ ፈትሽ፣ የታንከሩን ቤንዚን ቀይር፣ ካንዴላው አርጅቶ ከሆነ አዲስ አስገባ። ከነገ ወዲያ በነገርኩህ መንገድ፣ ጋዝ ሳትነካ አስነሳ። ከምልክቶችህ ስነሳ ባትሪውና ቾኩ ሁለቱም እጃቸው አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዱን ብቻ አስተካክለህ «አልሠራም» እንዳትል። ባትሪ መግዛት ካለብህ በመጽሐፉ የተጻፈውን የአምፔር መጠን ግዛ። ባትሪ የተመረተበት ቀን ታትሞበታል፤ ሱቅ ውስጥ በሙቀት ዓመት የከረመውን አትቀበል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሪኖው ፈጥኖ እያዞረው፣ ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ቤንዚንም እየደረሰ አሁንም ጠዋት ካልተነሳ፣ ዘይቱንና ቫልቩን አስይዝ። ከዚያም ካላለፈ የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ግፊቱን ይለካ። አነስተኛ ግፊት ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስቶኑ ቀለበቶች አልቀዋል፣ ካልተለወጠ ቫልቮቹ ናቸው የሚያስመልጡት። ሁለቱም ሞተር ማስፈታት ይጠይቃሉ፣ ርካሽ አይደሉም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተለካውን ቁጥር በወረቀት ጻፉልኝ በል፤ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም እንደገና ይለካልህና ሁለቱን አስተያይተህ ክፈል።